ወተቱ ለምን ይገነፍላል? ዳቦውስ ለምን ይደርቃል? የቤት ውስጥ ጥቃቅን ብስጭቶች ማብራሪያ

ወተቱ ምድጃ ላይ ዝም ብሎ ይቆይና ዞር ሲሉ ይገነፍላል። ዳቦው ከእጅ ሲያመልጥ ቅቤ የተቀባው ጎኑ ወደ መሬት ይሆናል። በራዱ ሻዩን ግማሹን ስኒ ውስጥ፣ ግማሹን ጠረጴዛ ላይ ይቀዳል። የተቀቀለው እንቁላል ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር ተቦጭቆ ይሄዳል።

እነዚህ ነገሮች ማንንም ሆስፒታል አያስገቡም። ግን ያናድዳሉ። ትልቅ ችግር ሲመጣ የማይደነግጥ ሰው በገነፈለ ወተት ቤቱን ሲያምስ ይታያል። «ዕድሌ ነው» የሚል አለ። «ዕቃው ራሱ ጠምዶ ይዞኛል» የሚልም አይጠፋም።

ጉዳዩ የዕድል አይደለም። ሁሉም የታወቀ ምክንያት አላቸው። የሚገርመው ሌላ ነው። እኛ የምንወስደው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ከምክንያቱ ጋር አይገናኝም። ዳቦው እንዳይደርቅ ብለን ፍሪጅ ውስጥ እንከታለን፤ ፍሪጅ ግን ማድረቁን ያፋጥነዋል። ለነጭ ሽንኩርት ሽታ ጥርስ እንቦርሻለን፤ ሽታው ግን የሚመጣው ከሳንባ ጭምር ነው። ትኩስ እንቁላል መርጠን እንገዛለን፤ ለመላጥ የሚያስቸግረው ግን እሱ ነው። ስለዚህ በየተራ እንያቸው።

ወተት ዞር ስንል የሚገነፍለው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ውሃ ለምን እንደዚያ እንደማይገነፍል እንይ። ውሃ ሲፈላ ከድስቱ ሥር የእንፋሎት አረፋ ይነሳል። ላይ ሲደርስ ይፈነዳል። እንፋሎቱ ወደ አየር ይሄዳል፤ አለቀ። አረፋውን ይዞ የሚያቆየው ነገር የለም።

ወተትም ከመቶ 87 እጁ ያህል ውሃ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በቀረው ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስብ ነው። ፕሮቲን ረጅም ሆኖ በራሱ ላይ የተጠቀለለ፣ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ነው። ወተቱ ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የአንዳንዶቹ ፕሮቲኖች ጥቅል መፈታት ይጀምራል። የተፈቱት እርስ በርስ ይያያዛሉ። ላዩ ላይ ደግሞ ውሃው ስለሚተን ፕሮቲኑና ስቡ ተጠጋግቶ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሰልባቦት የምንለው ይኸው ነው።

አሁን ሁለት ነገር ተገጣጠመ። ሰልባቦቱ ከላይ ዘጋው። የተፈቱት ፕሮቲኖች ደግሞ እያንዳንዷን አረፋ ከበው ቶሎ እንዳትፈነዳ አደረጓት። ከታች የሚመጣው እንፋሎት መውጫ ያጣል። አረፋ በአረፋ ላይ ይደራረባል፤ ሽፋኑን ወደ ላይ ይገፋል፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ድስቱን ሞልቶ ይፈሳል።

ወተቱ ዞር እስክንል የጠበቀን የሚመስለን ለዚህ ነው። ላዩ በሰልባቦት ስለሚሸፈን እስከ መጨረሻው ሰዓት የተረጋጋ ይመስላል። እኛም «ገና ነው» ብለን ዞር እንላለን። ከዚያ በኋላ ያለው የሰከንዶች ጉዳይ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሰልባቦቱ እንዳይዘጋ ማድረግ ነው ዋናው። ማማሰል ይረዳል፤ ሽፋኑን ይቀዳዋል። በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ ትናንሽ አረፋዎች ሲታዩ እሳቱን መቀነስ ይረዳል። ከግማሽ ብዙም ያልሞላ ሰፊ ድስት ይረዳል። በድስቱ አፍ ላይ የእንጨት ማንኪያ አጋድሞ ማስቀመጥስ? እሱም ከንቱ አይደለም። የሚነካውን አረፋ ያፈነዳል። ግን ማንኪያው ራሱ ሲግልና እሳቱ ሲበረታ አቅም ያጣል። ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። ድስቱን መክደን ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ እኛም የሚሆነውን አናይም።

የፓስታ፣ የድንችና የሩዝ ውሃ የሚገነፍለውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። እዚያ አረፋውን የሚያጠነክረው ከምግቡ የሚወጣው ስታርች ነው።

ሽንኩርት ስንከትፍ የምናለቅሰው ለምንድን ነው?

ሽንኩርት ከአፈር ድኝ ይወስዳል። ድኙን በውስጡ በተለያዩ ውህዶች መልክ ያስቀምጣል። በዚያው ሴል ውስጥ፣ ግን በተለየ ክፍል፣ ኢንዛይም ይገኛል። ኢንዛይም አንድን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ የሚቀይር ፕሮቲን ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ምንም አይፈጠርም። ለዚህ ነው ያልተቆረጠ ሽንኩርት ማንንም የማያስለቅሰው።

ቢላው ሲያርፍበት ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። በዚህ ጊዜ በቀላሉ የሚተን፣ ድኝ ያለበት ውህድ ይፈጠራል። ወደ ዓይን ይደርሳል። ዓይናችን ላይ ባለው ስስ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፤ የዓይናችንን ፊት የሚጠብቁትን ነርቮች ይቆነጥጣል። አንጎል «እጠበው» ብሎ ያዛል። እንባ ይመጣል። በሌላ አነጋገር እንባው ችግሩ ሳይሆን መከላከያው ነው።

ለረጅም ጊዜ ይህን ሁሉ የሚሠራው አንድ ኢንዛይም ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች ሌላ ሁለተኛ ኢንዛይም እንዳለ አሳዩ። የሚያስለቅሰውን ውህድ የሚሠራው እሱ ነው። ለዚህ ሥራቸው በ2013 የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኙ። ኢግ ኖቤል ከ1991 ጀምሮ መጀመሪያ ለሚያስቁ፣ ቀጥሎ ለሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሰጥ ሽልማት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። የወጥ ቤት ብስጭት ለዚህ ሽልማት የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

መፍትሔውን እንግዲህ ከምክንያቱ እናውጣው። ስለታም ቢላ ሴሎቹን ይቆርጣል፤ ደነዝ ቢላ ግን ይጨፈልቃቸዋል። የተጨፈለቀ ሴል በበዛ ቁጥር የሚያስለቅሰው ነገር ይበዛል። ሽንኩርቱን ከመክተፍ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ማቆየትም ይሠራል፤ ቅዝቃዜ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል፣ የሚተነውንም ይቀንሳል። አየር ከፊታችን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲነፍስ ማድረግም ጥሩ ነው። በተረፈ አፍ ውስጥ ቁራሽ ዳቦ መያዝ፣ የክብሪት እንጨት መንከስ የሚሉት ምክሮች ከምክንያቱ ጋር አይገናኙም። ነገሩ የሚገባው በዓይን ነው፤ አፍ ውስጥ ያለ ዳቦ ዓይንን አይከልልም። ያለቀሱ እንደሆነ ደግሞ ሽንኩርት በነካ እጅ ዓይን አይታሽም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ያደርገዋል።

ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ከገባና ከበሰለ በኋላስ ለምን አያስለቅስም? ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው ነው። አዲስ የሚያስለቅስ ነገር የሚሠራ የለም።

ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ምን ችግር አለው?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የምንሳሳተው በዳቦ ነው።

ዳቦ ሲቆይ የሚደርቀው ውሃው ስለሚተን ይመስለናል። ትነቱ አለ፤ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ቡሲንጎ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1852 ዳቦን አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ አየ። ውሃው መውጫ አልነበረውም። ዳቦው ግን ጠጠረ። የጠጠረውን ዳቦ መልሶ ሲያሞቀው ደግሞ ለሰለሰ። ውሃው ያልጠፋ ዳቦ ለምን ይጠጥራል?

መልሱ ስታርች ነው። ስታርች በእህል ውስጥ ያለው ዋናው ኃይል ሰጪ ክፍል ነው። ዱቄት ውስጥ እያለ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው፣ በሥርዓት ተደርድረው ይገኛሉ። ዳቦው ሲጋገር ሙቀትና ውሃ ይህን ድርድር ያፈርሱታል። ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ይለሰልሳል። ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ ለዚህ ነው እንዲያ የሚለሰልሰው።

ዳቦው ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ስታርቹ ወደ ቀድሞ ድርድሩ መመለስ ይጀምራል። ሰንሰለቶቹ ቀስ በቀስ ይጠጋጋሉ፤ እንደገና ይሰለፋሉ፤ ይጠጥራሉ። ውሃው ከዳቦው አልወጣም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ከዚህ ጎን ለጎን ከውስጡ ወደ ቅርፊቱ የሚሄድ ርጥበት አለ። ስለዚህ ውስጡ ሲጠጥር ቅርፊቱ በተቃራኒው ይለሰልስና እንደ ቆዳ አልበጠስ ይላል።

አሁን ዋናው ነጥብ። ይህ የስታርች መልሶ መሰለፍ በጣም የሚፈጥነው በቅዝቃዜ ነው፤ ከበረዶ ነጥብ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት። ይህ ደግሞ በትክክል የፍሪጅ ሙቀት ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠው ዘግይቶ ይጠጥራል። እኛ እንዲለሰልስልን ብለን የምንከተው ቦታ ለመጠጠር የሚመቸው ቦታ ነው።

ፍሪጅ ምንም አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። ሻጋታን ያዘገያል። ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን የሚያልቅ ዳቦ ውጭ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ፍሪዘር ይሻላል። ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ውሃው ስለሚረጋ ስታርቹ መንቀሳቀስ አይችልም። ቀድሞ ቆራርጦ ማስገባት ብልህነት ነው፤ የሚፈለገውን ያህል ብቻ አውጥቶ ማሞቅ ይቻላል።

የጠጠረ ዳቦ ሲሞቅ የሚለሰልሰው ስታርቹ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ድርድሩ እንደገና ስለሚፈርስ ነው። ትንሽ ውሃ ረጭቶ ማሞቅ የተሻለ ውጤት አለው። ግን ትኩሱን መብላት ነው። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠጥራል፤ ሲሞቅ ጥቂት ውሃ ስለሚያጣ ደግሞ ከበፊቱ ይብሳል። ያደረ ሩዝ ፍሪጅ ውስጥ ጠጠር ብሎ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብስኩትስ? ብስኩት በተቃራኒው ሲቆይ ይለሰልሳል። ብስኩት ውስጥ ያለው ውሃ በጣም ጥቂት ስለሆነ ከአየሩ ርጥበት ይወስዳል። ዳቦና ብስኩት በአንድ ዕቃ ማስቀመጥ ሁለቱንም ማበላሸት ነው፤ ርጥበቱ ከዳቦው ወጥቶ ብስኩቱ ውስጥ ይገባል።

የነጭ ሽንኩርት ሽታ ጥርስ ተቦርሾም የማይለቀው ለምንድን ነው?

ነጭ ሽንኩርት ሲቆረጥ የሚሆነው ከቀዩ ጋር ይመሳሰላል፤ ሴል ይፈርሳል፣ ኢንዛይም ይሠራል፣ ድኝ ያለባቸው ውህዶች ይፈጠራሉ። የሚያስለቅሰውን ነገር ግን አይሠራም። የሚሠራው የሚሸተውን ነው።

ከእነዚህ ውህዶች ብዙዎቹ አፍ ውስጥ ስለሚቀሩ ጥርስና ምላስ መቦረሽ ይቀንሳቸዋል። አንዱ ግን እልኸኛ ነው። ከተበላ በኋላ አንጀት አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ሰውነታችን ቶሎ አይሰባብረውም። ደሙ ሳንባ ሲደርስ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ይወጣል፤ በላብም ይወጣል። ስለዚህ አፋችን የቱንም ያህል ቢጸዳ ሽታው ለሰዓታት ከውስጥ እየመጣ ነው። ማስቲካ ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

የሚሻለው ሽታውን ገና አፍና ሆድ ውስጥ እያለ መያዝ ነው። ጥሬ ፖም፣ የናና ቅጠልና ወተት ከእነዚህ ውህዶች ጋር ተያይዘው እንደሚቀንሷቸው በምርመራ ታይቷል። ወተት የሚሻለው ከምግቡ ጋር አብሮ ሲጠጣ ነው፤ በኋላ ሲጠጣ ጥቅሙ ያንሳል። ከዚህ ውጭ ያለው አማራጭ አብሮን የሚበላውም ሰው ነጭ ሽንኩርት እንዲበላ ማድረግ ነው።

የተቀቀለ እንቁላል ሲላጥ የሚቦጫጨቀው ለምንድን ነው?

እንቁላል ከቅርፊቱ ሥር ስስ ነጭ ሽፋን አለው። ችግሩ የሚመጣው ነጩ ከዚህ ሽፋን ጋር ሲጣበቅ ነው።

ገና የተጣለ እንቁላል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ይህ ጋዝ ነጩን ወደ አሲድ ጠጋ እንዲል ያደርገዋል። በዚያ ሁኔታ የተቀቀለ ነጭ ሽፋኑን አጥብቆ ይይዛል። ቅርፊቱ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ቀናት ሲያልፉ ጋዙ በእነሱ ይወጣል፤ ነጩ ከአሲድ ይርቃል፤ ሽፋኑንም እየለቀቀ ይሄዳል። ስለዚህ ለመቀቀል ሳምንት ያህል የቆየ እንቁላል ይሻላል፤ ትኩሱን ለመጥበስ ያቆዩት።

ትኩስ ብቻ ካለስ? ውሃው ከፈላ በኋላ እንቁላሉን በማንኪያ ቀስ አድርጎ ማስገባት። በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ ቀስ እያለ የሚሞቅ እንቁላል ነጩ ከሽፋኑ ጋር ለመጣበቅ ጊዜ ያገኛል። በድንገት ሙቀት ሲያገኘው ግን ነጩ ቶሎ ይረጋል። ሲላጥ ደግሞ ከሰፊው ጫፍ መጀመር ነው፤ የአየር ኪሱ እዚያ ስለሚገኝ ሽፋኑን መያዝ ይቀላል።

አስኳሉን የሚከበው አረንጓዴ ቀለበትም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አይጎዳም። ብዙ ሲቀቀል ከነጩ የሚወጣው ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። እንቁላሉን በሰዓቱ አውጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት ያስቀረዋል።

በራዱ ሻዩን ወደ ታች የሚያንጠባጥበው ለምንድን ነው?

ቀስ ብለን ስንቀዳ ሻዩ ከበራዱ አፍ ተነስቶ ወደ ስኒው አይሄድም፤ አፉን ተከትሎ በሥሩ ይወርዳል። ቀላል ይመስላል። ግን የፊዚክስ ሰዎችን ለአሠርት ዓመታት አሟግቷል። ማርከስ ራይነር የተባለ ሳይንቲስት በ1956 ነገሩን በራዱን በሚጠቅስ ስም ጠርቶ እንደ እንቆቅልሽ አቀረበው። በ1999 የማይንጠባጠብ የበራድ አፍ በሒሳብ የቀመሩ ሁለት ተመራማሪዎች ኢግ ኖቤል ወሰዱ። የተሟላው ማብራሪያ በሒሳብ የቀረበው ገና በ2021 ከቪየና ነው።

ባጭሩ እንዲህ ነው። የበራዱ አፍ ጠርዝ ሁልጊዜ ርጥብ ይሆናል፤ ከጠርዙ ሥር ትንሽ ጠብታ ይቀራል። ፈሳሹ በፍጥነት ሲወርድ ግፊቱ ያሸንፍና ከጠርዙ ይላቀቃል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ጠብታው ፈሳሹን አጥፎ ወደ ሥር ያዞረዋል።

መፍትሔው እንግዲህ ተቃራኒ ነው። በጥንቃቄ ቀስ ብሎ መቅዳት ያንጠባጥባል፤ ደፈር ብሎ መቅዳት ነው። በራድ ሲገዛ ጠርዙ ስል የሆነ፣ አፉ ወደ ታች የጠቆመ ይመረጣል። ወፍራምና ክብ ጠርዝ ያለው፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጠረጴዛ ያጥባል።

ስኒ ይዘን ስንሄድስ የሚፈሰው ለምንድን ነው?

ስኒ ውስጥ ያለ ቡና ሲነካ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የሚወዛወዘው በራሱ ምት ነው፤ ምቱ በስኒው ስፋትና በፈሳሹ ከፍታ ይወሰናል። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በትክክለኛው ሰዓት ትንሽ ትንሽ ብንገፋው ከፍ እያለ ይሄዳል። በ2012 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የተለመደው ስኒ ምት ከእርምጃችን ንቅናቄ ጋር ይቀራረባል። እያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ይጨምርበታል። በመጨረሻ ከጠርዙ ያልፋል። ይህም ኢግ ኖቤል አግኝቷል።

ቀስ ብሎ መነሳት፣ ስኒውን አለመሙላት፣ እየሄዱ ስኒውን ማየት ይረዳል። ላዩ ላይ አረፋ ያለው መጠጥ ብዙም አይፈስም፤ አረፋው ውዝዋዜውን ያበርደዋል። የፈሰሰው ጠብታ ሲደርቅ ጠርዙ ላይ የጠቆረ ቀለበት የሚተወው ደግሞ ጠርዙ ቶሎ ስለሚተን ነው። የተነነውን ለመተካት ከመሀል ወደ ዳር የሚሄደው ፈሳሽ የቡናውን ቅንጣት ይዞ ሄዶ እዚያ ይከምረዋል።

ዳቦ የሚወድቀው በእውነት በተቀባው ጎኑ ነው?

ብዙ ጊዜ፣ አዎ። የቅቤው ክብደት ግን ጥፋተኛ አይደለም። ሮበርት ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1995 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው ጥፋቱ የጠረጴዛው ከፍታ ነው። ዳቦ ከጠረጴዛ ጠርዝ ሲንሸራተት መዞር ይጀምራል። መሬት እስኪደርስ ያለው ርቀት ግማሽ ዙር ያህል ብቻ ይበቃዋል። የተቀባው ጎን ሲጀምር ላይ ስለነበር ታች ይሆናል። ሙሉ ዙር ዞሮ እንዲያርፍ ጠረጴዛው 3 ሜትር ያህል መሆን ነበረበት። እስከዚያው ዳቦውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ማራቅ ነው።

ምግብ መጥበሻ ላይ የሚጣበቀውስ?

የሥጋና የእንቁላል ፕሮቲን በሙቀት ሲፈታ ያገኘውን ይይዛል፤ ብረትንም ጭምር። መጥበሻው ቀዝቃዛ ሆኖ ምግቡ ከገባ ፕሮቲኑ ከብረቱ ጋር ለመያያዝ በቂ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ መጥበሻውን ማጋል፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ምግብ። ከዚያ ደግሞ እጅን መሰብሰብ። ሥጋ ከሥሩ ቡናማ ሆኖ ሲጠነክር ራሱ ይለቃል። በግድ ስንገለብጠው ነው የሚቀደደው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ከዘይት ይበልጣል።

የማይዝግ ብረት መጥበሻ መጋሉን ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ማድረግ ይቻላል። ጠብታው ሳይተን እየተንከባለለ የሚጨፍር ከሆነ ግሏል። ከሥሩ የሚነሳው እንፋሎት አንሳፎት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ላይደንፍሮስት ይህን በ1756 ጽፎታል። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ላይ ግን አይሞከርም፤ ያለ ምግብ ከመጠን በላይ ሲግል ሽፋኑ ይበላሻል፤ ጎጂ ጭስም ያወጣል።

የረጋ ጨው፣ ነጭ የሆነ ማንቆርቆሪያና የማይከፈት ፍሪጅ

እነዚህን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። የአየሩ ርጥበት ከመቶ 75 ሲያልፍ ጨው ከአየር ውሃ መውሰድ ይጀምራል። ላዩ ይሟሟል፤ አየሩ ሲደርቅ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ይደርቃሉ። ጥቂት ጥሬ ሩዝ መጨመር ርጥበቱን ይጋራዋል፤ ምድጃ አጠገብ አለማስቀመጥ ግን ይበልጣል።

የውሃ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቆሻሻ አይደለም። ውሃው ውስጥ ያለ ካልሲየም በሙቀት ምክንያት ረግቶ ነው። ስፖንጅ አያነሳውም፤ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያሟሟዋል። አቼቶን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ፍሪጅ ከዘጉት በኋላ ወዲያው ሲከፍቱት የሚያስቸግረው ደግሞ የገባው ሞቃት አየር ቀዝቅዞ ስለሚጠብ ነው። ውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው አየር በሩን ይጫነዋል። ትንሽ ቢታገሡ በጎማው በኩል አየር ገብቶ ይላላል። በሩን መታገል መያዣውን መስበር ነው።

ሌሊት ቧንቧው «ጠብ፣ ጠብ» የሚለውስ?

ድምፁ ጠብታው ውሃውን ሲመታ የሚወጣ ይመስላል። በ2018 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራና በውሃ ውስጥ ድምፅ መቅጃ ሲያዩት ሌላ ሆነ። ጠብታው ሲያርፍ ውሃው ላይ ጎድጓዳ ይፈጥራል። ጎድጓዳው ተመልሶ ሲሞላ ከሥሩ አንዲት ትንሽ የአየር አረፋ ትያዛለች። የምትጮኸው እሷ ናት። በፍጥነት ስትርገበገብ የውሃውን ገጽ ታንቀጠቅጣለች፤ እኛም «ጠብ» ሲል እንሰማለን።

ስለዚህ ከሥሩ ባለው ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ማድረግ ድምፁን ያጠፋዋል። የውሃ ገጽ በራሱ ተሳስቦ የተወጠረ ነው፤ ሳሙና ውጥረቱን ያላላዋል፣ አረፋዋም አትያዝም። ሳህኑን ከሥሩ ማንሳት ወይም ስፖንጅ ማስቀመጥም ያው ነው፤ ጠብታው ውሃ ላይ ካላረፈ አረፋ የለም።

ይህ ግን ለዛሬ ሌሊት ብቻ ነው። ሳሙናው ውሃውን አያቆመውም። ብዙውን ጊዜ ያረጀችው ቧንቧው ውስጥ ያለችው ትንሽ ክብ ጎማ ናት። ስታረጅ ትጠነክራለች፤ መዝጋት ያቅታታል። እኛ ደግሞ እጀታውን ይበልጥ አጥብቀን እንጠመዝዛለን፤ ይህ ጎማዋን ጨፍልቆ ይጨርሳታል። ነገ የዋናውን ውሃ መዝጊያ ዘግቶ፣ ቧንቧውን ፈትቶ ጎማዋን መቀየር ነው። አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ፤ መጠኗ የተለያየ ነው።